ለነፍሰ ገዳይ ስም ያወጣ ጋዜጣ

እ.ኤ.አ. በ1888 ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት በምሥራቅ ለንደን፣ በዋይትቻፕልና በአካባቢው፣ አምስት ሴቶች በአንድ ሰው እጅ እንደተገደሉ በብዙዎች ይታመናል። ገዳዩ አልተያዘም፤ ማንነቱም እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሆኖም «ጃክ ዘ ሪፐር» የሚለውን ስም ያልሰማ ጥቂት ነው፤ ከሟቾቹ የአንዷን ስም የሚጠራም እንዲሁ ጥቂት ነው። ይህ መዛባት በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ትርፍ ፈላጊ ጋዜጦች የጀመሩት ሥራ ውጤት ነው፤ ዛሬ የወንጀል ታሪክ የሚተርኩትም ሳያስተውሉ እያስቀጠሉት ነው።

ስሙ የመጣው በቀይ ቀለም ከተጻፈ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው በሴፕቴምበር መገባደጃ የደረሰው ለጋዜጦች ዜና ይሸጥ ለነበረው ለሴንትራል ኒውስ ነበር፤ ገዳይ ነኝ ባዩ ለፖሊስ ሳይሆን ለዜና ነጋዴ መጻፉን ልብ ይሏል። ሴፕቴምበር 30 ሌሊት ሁለት ሴቶች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተገድለው ሲገኙ ጋዜጦች አተሙት፤ ፖሊስም የእጅ ጽሑፉን የሚለይ ሰው ይገኝ እንደሆነ ብሎ ቅጂውን አባዝቶ ለጠፈ። ከዚያ ወዲያ እኔ ነኝ ባዩ በዝቶ ደብዳቤው በመቶዎች ጎረፈ። የወንጀል ምርመራውን ክፍል ይመሩ የነበሩት ሮበርት አንደርሰን በ1910 ባሳተሙት ማስታወሻ ደብዳቤው የአንድ የለንደን ጋዜጠኛ ፈጠራ እንደነበር ጽፈዋል።

ጊዜውም ለዚህ የተመቸ ነበር። የጋዜጣ ቀረጥ በ1855 ቀርቶ ነበር፤ የ1870ው የትምህርት ሕግ አዲስ አንባቢ አፍርቷል፤ በግማሽ ፔኒ የሚሸጡ የማታ ጋዜጦችም ገበያ ይሻሙ ነበር። በዚያው ዓመት የተቋቋመው «ስታር» የተባለው ጋዜጣ «የቆዳ ሽርጥ» የሚል ቅጽል ስለተሰጠው ሰው አስፈሪ ዘገባ ሲያወጣ ከረመ፤ በዚህ ቅጽል የተጠረጠረ አንድ አይሁዳዊ ጫማ ሠሪ ተይዞ፣ በግድያዎቹ ጊዜ ሌላ ቦታ እንደነበረ ስለተረጋገጠ ተለቀቀ። በሰፈሩ ያሉ አይሁዶች ግን መሰደባቸውና መዋከባቸው አልቀረም። ከሁለቱ ግድያዎች በኋላ በጎልስተን ጎዳና አይሁዶችን የሚያነሣ የጠመኔ ጽሑፍ ሲገኝ፣ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሰር ቻርልስ ዋረን ሲነጋ ሕዝቡ አይቶት ሁከት እንዳይነሣ ሰግተው ፎቶግራፍ እንኳ ሳይነሣ አስጠፉት። ፖሊስን የራሱን ማስረጃ እስከማጥፋት ያደረሰው ፍርሃት በአንድ ሌሊት የበቀለ አልነበረም።

ሟቾቹስ? ሜሪ አን ኒኮልስ የ43 ዓመት ሴትና የአምስት ልጆች እናት ነበረች። በተገደለችበት ሌሊት የአልጋ መክፈያ አራት ፔኒ በማጣቷ ከማደሪያ ቤት ስትወጣ፣ አዲሱን ባርኔጣዋን እያሳየች ገንዘቡን ቶሎ እንደምታገኝ ተናግራ ነበር። አኒ ቻፕማንም እንዲሁ የአልጋ መክፈያ ስላልነበራት ነው ውጭ የቀረችው። ካትሪን ኤዶውስ ሰክራ ከታሰረችበት ፖሊስ ጣቢያ ከተለቀቀች አንድ ሰዓት ሳይሞላ አስከሬኗ ተገኘ። ለእውነቱ ከሆነ ይህን የምናውቀው በአብዛኛው ከእነዚያው ጋዜጦች ነው፤ የሞት ምክንያት አጣሪው ችሎት መዛግብት በአብዛኛው ስለጠፉ የምስክሮቹ ቃል የቀረው በጋዜጣ ዘገባ ነው። ትጉ ዘጋቢ የዘገበውን ግን የርዕስ ገጹ ጫጫታ ዋጠው።

ጫጫታው ዛሬም ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በለንደን ኬብል ጎዳና የአካባቢው ሴቶች ታሪክ ሙዚየም ይሆናል ተብሎ የተፈቀደ ቤት ሲከፈት የጃክ ዘ ሪፐር ሙዚየም ሆኖ ተገኘ፤ ነዋሪዎችም ተቃውሞ ወጡ። በተቃራኒው የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን በ2019 በክራይስትቸርች መስጊዶች 51 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ የገዳዩን ስም ፈጽሞ እንደማይጠሩ ለምክር ቤት ተናገሩ። ስም መደበቅ ሁልጊዜ ይበጃል አልልም፤ ችሎት የሚከታተል ጋዜጠኛ የተከሳሹን ስም መጻፍ አለበት። ዝና መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

በሬዲዮና በዩቲዩብ የወንጀል ትረካ የሚያቀርቡ የአማርኛ ተራኪዎቻችንም ብዙ አድማጭ አላቸው። የዋይትቻፕልን ታሪክ ሲያነሡ ሟቾቹን በስማቸው ይጥሩ፤ ደብዳቤውንም የገዳዩ ቃል አድርገው በሚያስፈራ ድምፅ ከማንበባቸው በፊት፣ የምርመራው ኃላፊ ራሳቸው የጋዜጠኛ ፈጠራ ነው ማለታቸውን ለአድማጩ ይንገሩ።