ቲቸር የገቡበት ሽምግልና

ሰፈራችን ውስጥ ባልና ሚስት ሲጋጩ ሽማግሌ ይገባል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ከሆኑ ግን ጉዳዩ ትንሽ ይወሳሰባል። ቲቸር እንላቸዋለን። ስማቸውን የሚያውቅ ያለም አይመስለኝ።

የዚያን ቀን ባል ጺሙን ተላጭቷል። ሸሚዙ ተተኩሷል። "አባቶቼ፣ ተለውጫለሁ" አለ አንገቱን ሰበር አድርጎ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች "እሰይ!" ብለው ምርቃት ሊጀምሩ ሲሉ ቲቸር አቋረጡ።

"ቆይ ልጄ፣ የቱን ዓይነት ለውጥ? ፊዚካላዊ ነው ኬሚካላዊ?"

ጥግ ላይ ቡና እየተቆላ ነበር። ቲቸር ምጣዱን አሳዩን። ጥሬው ቡና አረንጓዴ ነበር፤ አሁን ጠቁሯል፣ ይጨሳል፣ ቤቱን መዓዛው አውዶታል። ያ ሽታ ጥሬው ላይ የለም። እሳቱ ስኳሩንና አሚኖ አሲዱን አገናኝቶ የወለደው አዲስ ነገር ነው። ይኼ ኬሚካላዊ ነው። ሲወቀጥ ግን ደቀቀ እንጂ ያው ቡና ነው።

አንዱ ሽማግሌ አላስቻላቸውም። "እኛ የተማርነው የሚመለሰው ፊዚካላዊ፣ የማይመለሰው ኬሚካላዊ ተብለን ነው።"

ቲቸር ሙቀጫውን አስጠጉላቸው። "እስቲ ይኼን ዱቄት ፍሬ አድርገው ይመልሱልኝ።"

ዝም።

"የመኪና ባትሪ ደግሞ ሞቶ ቻርጅ ሲደረግ ይመለሳል። ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ኬሚስትሪ ነው። ጥያቄው አዲስ ነገር ተፈጠረ ወይ ነው!"

በነገራችን ላይ ይኼ መመዘኛ ለተሿሚ ዘመድም ይሠራል። ወንበር ሲያገኝ ስልክ አያነሳም። "ተለወጠ" ብለን እናማዋለን። ከወንበሩ በተነሳ ሳምንት ራሱ ደውሎ "ምነው ጠፋችሁ?" ይላል። ለካ የተለወጠው ኮቱ ብቻ ነው።

ሚስት እስከዚህ ዝም ብላ ስታዳምጥ ነበር። "ቲቸር፣ ገባኝ። ይኼ ሰውዬ ድርቆሽ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ይደርቃል፤ እናንተ ስትወጡ ያው እንጀራ ነው።"

"ትክክል!" አሉ ቲቸር። ለማስታረቅ መምጣታቸውን ረስተውታል። "ውሃው ወጣ እንጂ አዲስ ነገር የለም!"

ባል ደነገጠ። "ኧረ እኔ ሊጥ ነኝ! ጊዜ ብቻ ስጡኝ፣ እቦካለሁ።"

የቲቸር ፊት በራ። የጤፍ ሊጥ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን እየበሉ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጡ፣ አረፋው ጋዙ፣ ጉምዛዜው አሲዱ እንደሆነ፣ ሁለት ሦስት ቀን እንደሚበቃው አስረዱ። ቡናው አቦል አልፎ ቶና ደረሰ።

"ቦክቶማ ነበር" አለች ሚስት። "አልፎበት ኮመጠጠ እንጂ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በመጨረሻ የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጡ። ቲቸር ደግሞ በቀጠሮው ቀን አሲድ መኖሩን በቀለሙ የሚያሳየውን ሊትመስ ወረቀት ይዘው እንደሚመጡ አስታወቁ። ባልየው ምኑን እንደሚያስነኩት ለማወቅ ሰፈሩን ሲያጠያይቅ ሰነበተ።