ለሆድ ቁርጠት ሁሉ ሲፕሮ ለምንውጥ የጎንደር ሰዎች

የጎንደር ሰዎች ሆይ፣ ከፆም ፍቺ ማግስት ሆዳችንን በቆረጠን ቁጥር ያለ ምርመራና ያለ ማዘዣ ከፒያሳም ሆነ ከአዘዞ ሲፕሮ የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝተን መዋጣችንን ልናቆም ይገባናል። ሁለት ቀን ውጠን ሲሻለን የተረፈውን ለጎረቤት መስጠታችንም ደግነት አይደለም።

ሲፕሮ፣ በሙሉ ስሙ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኩዊኖሎን ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ሲሆን፣ ባክቴሪያን የሚገድለው ዲኤንኤውን የሚፈታለትንና የሚያጠነጥንለትን ኢንዛይም ይዞ በማሰናከል ነው። በአንጀታችን ከሚኖሩት ስፍር ቁጥር የሌላቸው የኢኮላይ ባክቴሪያዎች መካከል ግን ይህ ኢንዛይም በአጋጣሚ በጥቂቱ የተለወጠባቸው አይጠፉም፤ እነዚህን መድኃኒቱ አጥብቆ ሊይዛቸው አይችልም። አንድ ለውጥ ብቻ ያለው በጎደለ መጠን ይተርፋል፤ ሌላ ለውጥ ሲጨመርበት ሙሉውም መጠን ላይበግረው ይችላል። የገባባቸውን መድኃኒት መልሰው ወደ ውጭ የሚገፉም አሉ። ምንም ያልበደሉን ባክቴሪያዎች ሲያልቁ ቦታቸውን የሚወርሱት እነዚህ ናቸው።

ሊቃውንት ይህ መድኃኒቱን የመቋቋም ኃይል ከባክቴሪያ ወደ ዘሩ ብቻ የሚወርድ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን ፕላዝሚድ በተባለች ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ተጭኖ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ ዓይነቱ ወደሚለየውም ጭምር፣ እንደሚሻገር ተገለጠ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፤ ያችው ቀለበት ብዙ ጊዜ እንደ ሴፍትሪያክሶን ያሉትን በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች የሚያፈርስ ኢንዛይም የሚሠራ ጂንም ትሸከማለችና፣ ለቁርጠት ሲፕሮ የዋጠ ሰው ሐኪሞች ለከባድ ሕመም የሚተማመኑበትን መርፌ የሚቋቋም ባክቴሪያ ሳያውቀው ሊያበዛ ይችላል። ባክቴሪያው በአንጀት ሳለ ላያሳምም ይችላል፤ ወደ ሽንት ቧንቧ ሲዘልቅ ወይም ባልታጠበ እጅ ወደ አራስ ልጅ ሲደርስ ግን የምንሰጠው መድኃኒት ያጥረናል።

እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያዎችን ስታሠለጥን በኖረች ከተማ ይህን አለማወቃችን ያሳፍራል።

አብዛኛው ተቅማጥ የሚፈልገው ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና በቂ ፈሳሽ ነው። ደም ያለበት ከሆነ ወይም ኃይለኛ ትኩሳት ካለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቪዳል በሚባል አንድ የደም ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ አለብህ» ስትባሉም፣ የቀድሞ ሕመም ውጤቱን ሊያሳስት ስለሚችል፣ ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ የሚለየው የካልቸር ምርመራ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። መድኃኒት ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶችም፣ ማዘዣ ሳይዝ የመጣውን ሰው፣ የቅርብ ዘመዳችሁ ቢሆን እንኳ፣ ሲፕሮ ሳትሸጡ ወደ ሐኪም ላኩት።