ቻዋን ከነሳጥኑ

ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ ውስጥ ቶጂ የሚባል ትልቅ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። በየወሩ በ21ኛው ቀን ግቢው ገበያ ይሆናል። አሮጌ ኪሞኖ፣ የዛገ መጋዝ፣ የማያውቁት ሰው የሠርግ ፎቶ፣ የማይገኝ ነገር የለም። ምናለሽ ተራን ድምፁን አጥፍታችሁ አስቡት። ማንም "ና ግባ" አይልም፣ ማንም እጅጌ አይጎትትም። እኔ የምኖርበት ቶኪዮም በወር ሁለት እሑድ የሚቆም የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ። ግን የጃፓኖች የሻይ ሥርዓት ዋና ከተማ ኪዮቶ ስለሆነች የምፈልገው ነገር የሚበዛው እዚያ ነው።

የምፈልገው ቻዋን ነው። ማቻ የሚባለው አረንጓዴ የሻይ ዱቄት በትኩስ ውኃ፣ በቀርከሃ መምቻ ተመትቶ የሚጠጣበት ጎድጓዳ። እጀታ የለውም፣ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው። መጠኑ ለአንድ ሰው ሽሮ ይበቃል።

አክስቴን በቪዲዮ ሳሳያት "አንተ ልጅ፣ ጃፓን ድረስ ሄደህ የገዛኸው ይሄን ነው? ደግሞ የተሰነጠቀ!" አለችኝ። "ስንጥቁ እኮ በወርቅ ነው የተጠገነው አክስትዬ" ስላት ባሰባት። "ወርቁን ለብቻው አትገዛም ነበር?"

ይሄ በወርቅ የመጠገን ነገር ኪንጹጊ ይባላል። ፌስቡክ ላይ "ስብራትህ ውበትህ ነው" እየተባለ ጥቅስ ሲሠራበት አይታችሁ ይሆናል። ሥራው ግን ከጥቅሱ በላይ ትዕግሥት ይፈልጋል። ስባሪው የሚጣበቀው ኡሩሺ በሚባል የዛፍ ሙጫ ነው፣ ሙጫው ደግሞ የሚጠነክረው እርጥበት ባለበት ቦታ ተቀምጦ ሳምንታት ሲቆይ ነው፣ ከዚያ ይሞረዳል፣ እንደገና ይቀባል፣ መጨረሻ ላይ የወርቅ ዱቄቱ ይነሰነሳል። ገበያ ላይ ያለው እውነት ደግሞ ሌላ ነው። ተራ ቻዋን ከተሰበረ፣ በወርቅም ቢጠገን ብዙ ጊዜ ዋጋው ይወርዳል። ስብራቱ እንደ ጌጥ የሚቆጠርለት ቀድሞውኑ ስም ያለው ዕቃ ነው። ለሰውም ያው ነው መሰለኝ፣ ግን እሱን ለጥቅስ ጸሐፊዎቹ ልተወው።

አሁን ወደ ሳጥኑ። ቻዋን መሰብሰብ የጀመረ ሰው ቀስ በቀስ የሚገባው ነገር፣ የሚሰበሰበው ጎድጓዳው ብቻ እንዳልሆነ ነው። ደህና ቻዋን የራሱ የእንጨት ሳጥን አለው። እንጨቱ ኪሪ ይባላል፣ ቀላል ነው፣ እርጥበትንም ይከላከላል። ክዳኑ ላይ የዕቃው ዓይነትና የሠሪው ስም በቀለም ይጻፋል፣ ቀይ ማኅተም ይመታበታል። ሠሪው ራሱ የጻፈበት ከሆነ ቶሞባኮ ይሉታል። እንደ ኡራሴንኬና ኦሞቴሴንኬ ያሉት ትልልቆቹ የሻይ ትምህርት ቤቶች መሪ ክዳኑ ላይ ለቻዋኑ ስም አውጥቶ ከፈረመበት ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው፣ ያው ጭቃ፣ ያው ምድጃ፣ ሁለት መስመር ጽሑፍ ተጨመረና ኪሳችን የማይችለው ሆነ። ሳጥኑ የጠፋ ቻዋን ግን ምንም ያህል ቢያምር ነጋዴው ትከሻውን ይነቀንቃል።

ስለዚህ ማጭበርበሩም የሚመጣው በሳጥኑ በኩል ነው። ባዶ አሮጌ ሳጥን ለብቻው ይሸጣል። ስመ ጥር ሠሪ የፈረመበት ሳጥን ውስጥ የማንም ቻዋን ገብቶ ሊቀርብላችሁ ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው ልኩ ነው፣ ውስጡ ከተንከላወሰ ወይም ክዳኑን ከገፋ ጥርጣሬ ነው። ቀጥሎ እግሩ አካባቢ ያለው ትንሽ ማኅተም ከሳጥኑ ማኅተም ጋር ይገጥማል ወይ? ጃፓንኛ ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ ሁለት ማኅተም ማስተያየት አያቅትም።

ዕቃውን የማየቱ ሥርዓት ራሱ ደስ ይላል። ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል፣ እንዳይቧጭር። ቻዋኑ ከመሬት ብዙም ከፍ አይልም፣ ተንበርክከህ፣ ክርንህን ጉልበትህ አጠገብ አድርገህ ዝቅ ብለህ ነው የምታየው፣ ቢያመልጥህ እንኳ ከጣት ከፍታ ነው የሚወድቀው። ከዚያ ይገለበጣል። የሚያውቅ ሰው ፊቱን ብዙም አያይም፣ እግሩን ነው የሚያየው። ቀለም ያልነካው ጭቃ እዚያ ጋ ይታያል፣ አሸዋማ ነው ወይስ ለስላሳ፣ ቀይ ነው ወይስ ነጣ ያለ። አንዱ ቻዋኔ እግሩ አጠገብ ሦስት ትንንሽ ባዶ ቦታዎች አሉት። ሠሪው ቀለሙ ውስጥ ሲነክረው የያዘበት ጣቶቹ ናቸው። የእኔን ጣቶች ሳስቀምጥባቸው አይገጥሙም፣ የሱ ትንንሾች ነበሩ።

ጃፓኖች የሻይ ሸክላ ዓይነቶችን በደረጃ ሲያስቀምጡ "አንደኛ ራኩ፣ ሁለተኛ ሀጊ፣ ሦስተኛ ካራትሱ" ይላሉ። ራኩ በእጅ ብቻ እየተድበለበለ የሚሠራ ነው፣ መሽከርከሪያ የለም። በ16ኛው መቶ ዘመን የሻይ ሥርዓቱን መልክ ያስያዘው ሴን ኖ ሪክዩ፣ ቾጂሮ የሚባል ባለሙያ አሠርቶ ነው የጀመረው። የቾጂሮ ቤት ዛሬም ኪዮቶ ውስጥ አለ፣ አሁን የሚሠራው 16ኛው ትውልድ ነው። ሪክዩ ግን መጨረሻው አላማረም። ጌታው፣ የጃፓን ገዢ የነበረው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ፣ በ1591 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ራስህን ግደል ብሎ አዘዘው፣ ሪክዩም ራሱን ገደለ። ሻይ እያፈላለት ከኖረ በኋላ!

እኔ አቅሜ ሀጊ ላይ ነው። ሀጊ ስስ ስንጥቅጥቅ ያለ ቀለም አለው፣ ሲጠጣበት ሻዩ በስንጥቁ እየሰረገ መልኩ ከዓመት ዓመት ይለወጣል። "ሀጊ ሰባት ጊዜ ይለወጣል" ይላሉ። አዲስ ጀበና ማሟሸት ለሚያውቅ ሰው ይሄ አይከብደውም። አሮጌ ሀጊ ስትገዛ ግን ያሟሸው ሌላ ሰው ነው። ታችኛው ጥግ ላይ ያለው ቡናማ ጥላ የማላውቃት ሴትዮ ሠላሳ አርባ ዓመት የጠጣችው ሻይ ነው።

ሴትዮ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ብዙ የጃፓን ልጃገረዶች ከማግባታቸው በፊት የሻይ ሥርዓት ይማሩ ነበር፣ ቤተሰብም ዕቃውን ይገዛላቸው ነበር። እነዚያ ልጃገረዶች አሁን አርጅተዋል፣ ብዙዎቹም አልፈዋል። ልጆቻቸው የሚኖሩት ታታሚ ምንጣፍ እንኳ በሌለበት ጠባብ አፓርታማ ነው። አንዲት ሻጭ፣ እሳቸውም ሸምገል ያሉ ናቸው፣ "ሳጥኑን ሳይከፍቱ ነው የሚያመጡልን" አሉኝ። አሥር፣ ሃያ ሳጥን በአንዴ። ለዚህ ነው እንደኔ ያለ ደመወዝተኛ በጥቂት ሺህ የን ስም ያለው ሰው የሠራውን ቻዋን ከነሳጥኑ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባው። የሥራ ባልደረቦቼን ስጠይቃቸው አብዛኞቹ በቻዋን በሥርዓቱ የጠጡት በተማሪነታቸው ለጉብኝት ኪዮቶ ሄደው ነው። በቅርብ ዓመታት የማቻ ፋሽን ዓለምን ሲይዝ ኪዮቶ ውስጥ ስመ ጥር የሻይ ሱቆች ለአንድ ሰው የሚሸጡትን የማቻ ጣሳ ብዛት እስከ መወሰን ደርሰዋል። ጠጪው ግን የሚጠጣው በፕላስቲክ ብርጭቆ ነው፣ በወተትና በበረዶ።

እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። ጠጪው ሞልቷል። አክስቴ ቤት ቡና በቀን ሳይፈላ አይዋልም፣ ጎረቤት ሳይጠራ አይጠጣም፣ አቦል ቶና በረካ ሳይባል ማንም ተነስቶ አይሄድም። ሲኒው ግን የቻይና ነው፣ በደርዘን ይገዛል፣ አንዱ ሲሰበር "ክፉውን ይዞት ይሂድ" ተብሎ በማግስቱ ይተካል። ደህናዎቹ ሲኒዎች ቡፌ ውስጥ ተቆልፎባቸው እንግዳ ይጠብቃሉ፣ እንግዳ ሲመጣም አይወጡም። ቶኪዮ ካጹሺካ ሰፈር፣ ሐበሻ በሚበዛበት፣ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ስንጠጣ ቻዋኔን አውጥቼ "በዚህ ቅዳልኝ" ስለው "በዚህማ ሦስቱም ዙር አንድ ላይ ነው የሚገባው" ብሎ መለሰልኝ። ሲኒዎቹ ከአዲስ አበባ በነጠላ ተጠቅልለው በሻንጣ የመጡ ናቸው። ገልብጬ ሳያቸው "ሜድ ኢን ቻይና" ይላሉ። ከጃፓን እስከ ቻይና ያለው የአውሮፕላን መንገድ የስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የሐበሻ ሰው ይሄን ሲያነብ "ፈረንጅ ዕቃውን ያከብራል፣ እኛ አናከብርም" ወደሚለው የተለመደ ለቅሶ እንዳይሄድ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጃፓን ውስጥ ብሔራዊ ሀብት ተብለው የተመዘገቡ የሻይ ጎድጓዳዎች ስምንት ናቸው። ከስምንቱ አምስቱ የቻይና፣ አንዱ የኮሪያ ሥራ ነው። ጃፓን የሠራቸው ሁለት ብቻ ናቸው። የኮሪያው ኪዛኤሞን ይባላል፣ ኪዮቶ ዳይቶኩጂ ገዳም ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሲያዩት ጎርበጥ ያለ፣ ቀለሙ እግሩ ጋ የተኮማተረ፣ ቡኒ ጎድጓዳ ነው። ለሻይ ሥርዓት ታስቦ አልተሠራም። ኮሪያ ውስጥ ተራ ሰው የሚገለገልበት ዕቃ ነበር ነው የሚባለው። በሳጥን ውስጥ በሳጥን ተደርጎ ይኖራል፣ ባለቤቶቹን ሁሉ እባጭ ያወጣባቸው ነበር የሚል ታሪክም አለው። ኪዛኤሞን ታዲያ የሠሪው ስም እንዳይመስላችሁ። ዕቃው የነበረው የኦሳካ ነጋዴ ስም ነው። ሠሪውን የሚያውቅ የለም።

ሀጊም ቢሆን ሥሩ እዚያው ነው። ሂዴዮሺ ከ1592 እስከ 1598 ኮሪያን ሲወጋ በሥሩ የነበሩት መሳፍንት ሸክላ ሠሪዎችን ይዘው መጡ። ሀጊ ከተማ ላይ በ1604 ምድጃ የተተከለው ከኮሪያ በመጡ ወንድማማቾች ነው። እንግዲህ የሀጊ ማኅተሙ፣ ሳጥኑ፣ የትውልድ ቁጥሩ ሁሉ የመጣው ከምርኮ በኋላ ነው ማለት ነው። ይሄን ደግሞ አይደብቁም፣ ሙዚየም ውስጥ ተጽፎ ታነባላችሁ።

እኛ ሸክላ ሠሪውን አልማረክንም፣ አብሮን እየኖረ "ቡዳ" አልነው። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር፣ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ ኖረ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ የታወቁባት መንደር ነበረች። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ እስራኤል ሄዱ። ከእነሱ እጅ የወጣ ጀበና ዛሬም አንድ ቤት ጓዳ ውስጥ ይኖር ይሆናል፣ የማን እጅ እንደሆነ ግን የሚናገር አንዲት ፊደል የለበትም። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፣ የቻይና ሲኒው አይደለም። ጀበናውን የሠራችው ሴት ስም እንዲጻፍ ሳጥንም ኪሪም አያስፈልግም ነበር፣ ጭቃው ሳይደርቅ በጥፍር መጫር ይበቃል።

ባለፈው አዲስ አበባ ስሄድ መርካቶ ሸክላ የሚሸጡበት ጋ ሄድኩ። አንድ አንገቷ ሸንቀጥ ያለ ጀበና አነሳሁ፣ እንደለመድኩት ገለበጥኳት፣ ቂጧን አየሁ። ሻጯ በትዝብት ታየኛለች።

"ማን ናት የሠራችው?" አልኳት።

"ከገጠር ነው የሚመጣው።"

"ከየት ገጠር? ስሟ ማን ይባላል?"

"ወንድሜ፣ ትወስደዋለህ ወይስ ለጋዜጣ ነው?"

ዋጋ ተከራክሬ፣ አስቀንሼ ወሰድኩት።