ምን ምን ይላል?

መጠጥ ከመጠጣት በፊት ስለ መጠጡ ምስክርነት መስጠት ግዴታ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? እኛ ደሴ ላይ ያደግንበት ሥርዓት አጭር ነበር። ቢራ ሲቀዳ "ለጤናችን" ይባላል፤ ጠላ ሲቀዳ "እጅሽ ይባረክ" ይባላል፤ የቀረው ጊዜ ለሐሜት ነው። በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ግን ሦስት ጣት የማይሞላ ጥቁር ቢራ በወይን ብርጭቆ ተሰጥቶኝ ወደ አፌ ሳስጠጋው፣ "ጋሼ፣ ይቆዩ! መጀመሪያ ያሽትቱት። ምን ምን ይላል?" ተባልኩ።

ቢራ ቢራ ነው የሚለው። ሌላ ምን ሊል ኖሯል?

ጠያቂው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ሜሪላንድ ኖሮ ለበዓል መጥቷል። ጨዋ ልጅ ነው። ለእናቱ ማቀዝቀዣ ገዝቷል፣ ለሰፈሩ ልጆች ጫማ አምጥቷል፤ በዚህ አላማውም። ጠቡ ከሻንጣው ውስጥ በካልሲ ጠቅልሎ ካወጣው ጠርሙስ ጋር ነው። አንድ ጠርሙስ ለስድስት ሰው! ያውም ከማቀዝቀዣው ከወጣ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ተፈረደበት። ጥቁር ቢራ በረዶ ሆኖ ከተጠጣ ጣዕሙ ይደበቃል አለን። እውነቱን ነው፤ ብርድ ምላስን ያደነዝዛል። ይህን ግን ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ የቆየ፣ ጉሮሮው የደረቀ ሰው ፊት መናገር ድፍረት ይጠይቃል።

ቢራው ተራ ቢራ አይደለም። አሜሪካ፣ ደላዌር ግዛት የሚገኘው ዶግፊሽ ሄድ የተባለ ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ነው፤ ቢችስ ብሩ የተሰኘው የማይልስ ዴቪስ የጃዝ አልበም 40 ዓመት የሞላው በዚያ ዓመት ነበርና ስሙንም ከአልበሙ ወስዷል። የአልኮል መጠኑ 9 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ጣት መቀዳቱን ሙሉ በሙሉ ስስት ነው አልልም። እንዲህ ያሉት ጠማቂዎች እንደ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ቢራ ለአገር ሁሉ ለማዳረስ አይጨነቁም። ጥቂት ይጠምቃሉ፣ ያማራቸውን ሁሉ ይጨምሩበታል። ይኸኛውም ድብልቅ ነው፤ ሦስት እጁ ኢምፔሪያል ስታውት የሚባለው ከባድ ጥቁር ቢራ፣ አንድ እጁ ደግሞ ጌሾ የገባበት የማር ቢራ።

"ምን የገባበት?" አሉ እናቱ ከጓዳ።

"ጌሾ፣ እማዬ። የጌሾ ሥር።"

እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ እየጠረጉ ብቅ አሉ። "ሥሩን? እኛ ቅጠሉንና እንጨቱን ነው የምንወቅጥ። ሥሩን ነቅለው ለከርሞ ምን ሊጠምቁበት ነው?"

ልጁ መልስ አልነበረውም። ጠርሙሱን አገላብጦ ጽሑፉን አነበበ፤ ጽሑፉ "ሥር" ነው የሚለው። እናቱም ጠርሙሱን ተቀብለው፣ ማንበብ ባይችሉም በጥርጣሬ አይተው መለሱለት።

እኔ ግን ጌሾ በተነሣ ቁጥር ሐሳቤ አንድ ቦታ ላይ አይረጋም፤ ምክንያቱም ከተረትና ምሳሌዎቻችን ሁሉ አብልጬ የምወደው "ለጌሾ ወቀጣ ማንም ሰው አልመጣ፣ ለመጠጡ ጊዜ ከየጎሬው ወጣ" የሚለውን ነው። ይህን የተናገረች ሴት መሆኗን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ዘነዘናው በእጇ ላይ እያለ፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች፣ በሩ ላይ የሚንጋጋውን ዘመድ አዝማድ አይታ ነው የገጠመችው። ሌሎቹ ምሳሌዎቻችን ብዙዎቹ ይመክራሉ፤ ይህቺ ግን አትመክርም። ታዝባ ብቻ ዝም ትላለች። ለዚህ ነው የምወዳት።

እንደ እኔ ያለ ወንድ ስለ ጌሾ ወቀጣ ምን ያገባዋል የሚል ካለ ይስማኝ። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ጓደኛዬ ሲያገባ፣ ስሙን አልጠራም፣ ካነበበው ራሱን ያውቃል፣ የደጋሽ እጅ አጥሮ ስለነበር እኔ ጌሾ ወቅጫለሁ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ። ጌሾ ሲወቀጥ የሚነሣው ብናኝ መጀመሪያ አፍንጫን ያስነጥሳል፣ ከዚያ ወርዶ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚዋጠው ምራቅ ሁሉ መራራ ነው። በአጥሩ በኩል የሚያልፈው ወንድ ሁሉ ቆሞ ይስቅብኝ ነበር። የሠርጉ ቀን የት እንደተቀመጥኩ ልንገራችሁ? የዳሱ ጫፍ፣ ምሰሶው ሥር፣ ሙሽሮቹ በማይታዩበት። እኔ ወቀጣ ላይ ሳለሁ በቦታው ያልነበሩት፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡት እንግዶች ፊልተር ጠላ ይቀዳላቸዋል። አሳላፊው ወደ እኛ ሲደርስ ማንቆርቆሪያ ቀየረ። ቅራሪ! ሦስተኛ ውሃ የጠጣ፣ ቀለሙን እንኳ የረሳ ቅራሪ። "ጌሾውን እኮ የወቀጥኩት እኔ ነኝ" ብለው አሳላፊው "እግዜር ይስጥህ" ብሎኝ አለፈ።

ይህን ቂም ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ደላዌር ድረስ የሄደው ጌሾ ያው ጌሾ ነው። የወሎ እናቶች ዕድሜ ልካቸውን ሲወቅጡት፣ ሲጠነስሱት፣ ሲያጠሉት ኖረው አንድም ሰው አልመጣም። ዛሬ በጠርሙስ ሆኖ ሲመለስ ግን እንግዳ ቅመም ተብሎ ይተዋወቅላቸዋል፤ ያውም በገዛ ሳሎናቸው፣ ያውም በገዛ ልጃቸው።

ወደ ቢራው ልመለስ፤ ጥቁረቱ ደስ ይላል። አረፋው ነጭ አይደለም፣ ወተት ጠብ ያለበት ቡና ዓይነት ቀለም አለው። ወደ መስኮቱ ከፍ ሲደረግ ብርሃን አያሳልፍም፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀላ ይላል። ልጁ ይህ ጥቁረት የሚመጣው ገብሱና ብቅሉ ቡና እስኪመስል ስለሚቆላ መሆኑን ሲያስረዳን እናቱ ሣቃቸው አመለጣቸው።

"አሻሮ በለኛ!"

አሻሮ ነው። በእሳቸው ቤት ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው በውሃ ተጠንስሶ ቀናት ይሰነብታል። ብቅሉ ይገባል፣ ጠርዙ እስኪያር የተጋገረው ቂጣ ይቆራረስበታል፤ በመጨረሻም ምጣድ ላይ እስኪጠቁር የተቆላው እህል ተፈጭቶ ድፍድፉ ይደፈደፋል። ጠላው ደፍረስ ይበል ወይም ቀይ ይሁን ወይም ጥቁር የሚወስነው ያ ምጣድ ነው። ምጣዱ ላይ የቆመችው ሴት ዓይኗን ለአፍታ ካነሣች እህሉ ያራል፣ ጠላው ይኮመጭራል። ይህን ሁሉ ሠርተው ሲያበቁ እንግዳውን ጥግ ላይ አስቁመው "ምን ምን ይላል?" ሲሉት ሰምታችኋል? እንግዳው ጣሳውን ሲደግም መልሱን አግኝተዋል። ባይደግም ደግሞ ያንኑ ያህል ገብቷቸዋል።

ጠጡ ከመባላችን በፊት ሙዚቃው ተከፈተ። ቢራውና አልበሙ አብረው ካልሄዱ ምንም አይገባንም ተባልን። አልበሙ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1969 ኒውዮርክ ውስጥ በሦስት ቀን የተቀረጸ ነው። ከበሮ መቺው ከአንድ በላይ ነው፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖው ብዙ ነው፤ ሥር ሥሩን ደግሞ ባስ ክላርኔት የሚባል ወፍራም ድምፅ ይሄዳል። የተቀረጸው ክር በኋላ በምላጭ ተቆርጦ ተቀጣጥሏል። የመጀመሪያው ዜማ ብቻ 20 ደቂቃ ነው። ሙዚቃውን አልሰድበውም፤ ሰው ጨለማ መንገድ ላይ ሲጨዋወት የሚሰማ ይመስላል፣ ጆሮን ይይዛል። ልጁ ግን "ክላርኔቱ ሲገባ ይጎንጩ" ይለናል። ክላርኔቱ መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለሆነ ስድስት ሰው ብርጭቆ ይዞ እሱን ያያል። አጠገቤ የተቀመጡት ሐጂ፣ "እንኳን አደረሳችሁ" ሊሉ መጥተው ቀሪቧቸውን ይዘው በሰላም የተቀመጡት ሰው፣ እሳቸው እንኳ ብርጭቋቸውን አንሥተው ክላርኔቱን ጠበቁ።

በመካከሉ ልጁ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ሌላ ሙዚቃ አስገባ፤ ማሲንቆ ነው፣ አምባሰል። ትንሽ አዳመጠና ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጋሼ፣ ይሄ አምባሰል ጃዝ ጃዝ ይላል።"

እዚህ ላይ ቀልዴን ጨረስኩ። ጃዙ ነው እንጂ አምባሰል አምባሰል የሚለው! ማይልስ ዴቪስን ማለቴ አይደለም፤ እሱ የራሱ አገር ሰው ነው። የእኛን ጃዝ ነው የምለው። አራት ቅኝት አለን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ በወሎ ምድር ስም የሚጠሩ ናቸው፤ አምባሰል አምባው እዚያው ቆሟል፣ ባቲም ሰኞ ሰኞ ገበያዋ ይቆማል። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ ገብቶ ጃዝ ከተማረ በኋላ ያደረገው እነዚህን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች ስምምነት ጋር ማጋባት ነው። ኢትዮ ጃዝ ማለት ይኸው ነው፤ እሱም ይህን ሸሽጎ አያውቅም። የሚሸሽጉት ሌሎች ናቸው። ያው ቅኝት በሳክስፎን ሲነፋ ሰው መግቢያ ከፍሎ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማዋል። በማሲንቆ ሲመታ ግን "አዝማሪ" ተብሎ፣ ያውም እንደ ስድብ፣ ከደጅ ይመለስ ነበር። ልጁን ለማዳን ብሎ ማሲንቆውን የሰበረ አባት በየሰፈሩ አለ። ዛሬ የዚያ አባት የልጅ ልጅ ስለ ባቲ ቅኝት ጥልቀት ጠጪ እያስቆመ ያስተምራል፤ ባቲን ካርታ ላይ አሳየኝ ቢሉት ጣቱ ሐረር ላይ የሚያርፍ ሰው! ባቲ ሄዶ ግመል ሲሸጥ ያየ፣ አቧራውን የዋጠ፣ ከአፋር ከኦሮሞ ከአማራው ጋር ተጋፍቶ አንድ ፍየል የተደራደረ ሰው ስለ ባቲ ቢናገር እሰማዋለሁ። ከዚያ በታች ያለውን አልሰማም።

ለነገሩ የምፈራው ሌላ ነው። አንድ ቀን አንድ ብልህ ሰው ተነሥቶ "ባቲ" የሚባል ጥቁር ቢራ ያወጣል፤ ጠርሙሱ ላይ ግመል ይሥላል፤ እኛንም መልሶ በውድ ዋጋ ያስቀምሰናል። ይህን ስል ሐጂ ከቀሪቧቸው ቀና አሉ። "በባቲ ስም ከሆነ ቀሪቦ ነው የሚሰየመው። ቢራውን ጭኖ ሰኞ ገበያ የሚወጣ ካለ ከግመሉ ጋር ተሽጦ ይቀራል" አሉ። በቤቱ ውስጥ ከዚያ ቀደም የተባለውን ሁሉ የሚያህል ቁም ነገር ነበር፤ ልጁ ግን ክላርኔቱ እንዳያመልጠን ሲጣደፍ አልሰማም።

በመጨረሻ ጠጣን። የተቆላ ቡና ይላል፣ ቸኮሌትም ይላል፤ ወርዶ ወርዶ ማሩ ይመጣል፣ ደረትንም ያሞቃል። ጥሩ ቢራ ነው። ሦስት ጣት ሳይሆን ሦስት ጠርሙስ ቢሆን ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈም ነበር። ልጁ ስልኩን አውጥቶ የእያንዳንዳችንን ቃል መመዝገብ ጀመረ፤ ቢራን ከአምስት ነጥብ የሚመዝኑበት ነገር አለው። አንዱ "ጭስ ጭስ ይላል" አለ፣ አንዱ "ዘቢብ" አለ፤ ዘቢብ ያለው ሰው ዘቢብ ከቀመሰ ስንት ጊዜው እንደሆነ አላውቅም። እናቱ አንዴ ጎንጨት አድርገው፣ ከንፈራቸውን መጥጠው፣ "ጌሾው አንሷል" አሉና ወጣቸውን ሊያማስሉ ገቡ። ከአምስት ስንት እንደሰጡት ሲጠይቃቸው መልሱ የድስት ክዳን ድምፅ ሆነ። እኔ ነጥብ አልሰጠሁም፤ ሲጠራኝ ሽንት ቤት ነበርኩ።

የኮምቦልቻው ጓደኛዬ በዚህ በጋ የመጀመሪያ ልጁን ሊድር ነው ይላሉ። ድግሱ እንደ ድሮው በቤት ውስጥ ነው፣ ጠላውም በእጅ የሚጠመቅ ነው፤ የደጋሽ እጅ እንዳጠረም ወሬው ደርሶኛል። ከኮምቦልቻ ሁለት ጊዜ ተደውሎልኝ አላነሣሁም። ለመጠጡ ጊዜ ሲሆን ይደውሉልኝ።