መጀመሪያ ፊደሉን፣ ሊኑክሱን በኋላ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ፣ ኢንቴል ከሆነም ከ8ኛው ትውልድ ያላነሰ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በሜክሲኮ ዙሪያ ባሉ ጽሕፈት ቤቶችና ማሠልጠኛዎች ይህን የማያሟሉ ዴስክቶፖች ሞልተዋል።

«ሊኑክስ ጫኑበት» የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ነጻ ሥርዓት ነው። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ቅዳሜ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል፤ ሰኞ ጸሐፊዋ የቆየ ደብዳቤ ስትከፍት በአማርኛው ፋንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይጠብቃታል፤ ረቡዕ ዊንዶውሱ፣ ያውም በክራክ (የፈቃድ ቁጥጥሩን በሚሰብር ፕሮግራም)፣ ተመልሶ ይጫናል። ክራኩ ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ብሎ የሚጀምር ነው፤ የኮምፒውተር ፕሮግራምም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው።

የፈረንሳይ ዣንዳርሜሪ (ወታደራዊ የፖሊስ ኃይል) ወደ ሊኑክስ ሲሻገር ከሌላው ጫፍ ነበር የጀመረው። በ2005 እ.ኤ.አ. የቢሮ ፕሮግራሙን ኦፕን ኦፊስን፣ በ2006 የኢንተርኔት ማሰሻውን ፋየርፎክስንና የኢሜይል ፕሮግራሙን ተንደርበርድን እዚያው ዊንዶውሱ ላይ አስለመደ። ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ማስገባት የጀመረው በ2008 ነው፤ ያኔ ሠራተኛው የለመዳቸውን ፕሮግራሞች እዚያው አገኛቸው።

እኛ ዘንድ ግን ከቢሮ ፕሮግራሙም የሚቀድም ሥራ አለ፤ ፊደሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ቪዡዋል ግዕዝን የመሳሰሉት የቀድሞ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ያለው አማርኛ አይደለም፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፦ አንድ አንቀጽ መርጣችሁ ፎንቱን ወደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል (ነጻ የዩኒኮድ ፎንት) ቀይሩት። አማርኛነቱ ከጸና ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ከተቀየረ የድሮ ነው። የድሮውን በመለወጫ ፕሮግራም ቀይሩና ከዋናው ጋር አመሳክሩ። በተለይ ቁጥሮችን፣ ሥርዓተ ነጥቡንና በመካከል የገባውን እንግሊዝኛ እዩ፤ መለወጫው እንግሊዝኛውንም ግዕዝ መስሎት ሊያበላሸው ይችላል። አድካሚ ነው፤ ሆኖም ሊኑክስ ባይመጣም መሠራት የነበረበት ሥራ ነው። በድሮው ፋይል ውስጥ የባለጉዳይን ስም በአማርኛ ጽፎ መፈለግ አይቻልምና።

ለመጻፊያ ኪይማን የተባለውን የመተየቢያ ፕሮግራም ከጂኤፍኤፍ አማርኛ ኪቦርዱ ጋር እመርጣለሁ፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ስለሚሠራ ጣት የለመደው አይፈርስም። ናያላ ፎንት ግን የማይክሮሶፍት ስለሆነ ከሊኑክስ ጋር አይመጣም። በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ሲተካ የፊደሉ ስፋት ይለያያል፤ የፊርማና የማኅተም ቦታውም ወደ ሁለተኛ ገጽ ሊወርድ ይችላል። ወደ ውጭ የሚወጣ ደብዳቤ በፒዲኤፍ ይላክ።

ቀጥሎ ሊብሬ ኦፊስ (በማይክሮሶፍት ኦፊስ ፋንታ የሚሠራ ነጻ የቢሮ ፕሮግራም)፣ አሁንም ዊንዶውሱ ላይ። ከምርጫዎቹ ውስጥ የማስቀመጫ ዓይነቱን ወደ ዎርድ ዶክኤክስ ለውጡ፤ አለዚያ የላካችሁለት ሰው «አልከፈት አለኝ» ይላል። ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትእዛዝ) የተጻፈባቸውን የኤክሴል ፋይሎች አሁኑኑ ለዩ፣ ብዙ ጊዜ ሳይስተካከሉ አይሠሩም። ሁለት ወር ያህል ሥራው ሁሉ በዚህ ይለፍ።

ከዚያ በኋላ መጫኑ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ለአሮጌ ኮምፒውተር ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ (ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት) ይስማማል፤ 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ 22ኛው እትም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛል። 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ተጽፎ፣ ሳይጫን ከፍላሹ ተነሥቶ ይሞከር። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን ፈጣን በሆነው ኤስኤስዲ ዲስክ መተካት ከሁሉ ይቀድማል። ሙከራው ላይ ከዋይፋዩ ይልቅ ፕሪንተሩን ፈትሹ። ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 ከኢንተርኔት የሚወርድ ተጨማሪ ፕለጊን ካላገኘ አያትምም፤ አንዳንድ የካኖን ሌዘሮችም የኩባንያውን ድራይቨር ይፈልጋሉ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ ዲስኩን ከመንካታችሁ በፊት አጥፉት፣ መክፈቻ ቁልፉንም ጽፋችሁ ያዙ። ጫኚው ዲስኩን ካላየ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ የዲስኩን አሠራር ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩ፤ ዊንዶውሱ አብሮ የሚቆይ ከሆነ ግን ይህ ለውጥ አላስነሣ ሊለው ይችላል። ሁለቱ አብረው ሲኖሩ የዊንዶውሱ ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደኋላ ቢቀር አትደንግጡ፤ ሊኑክስ የኮምፒውተሩን ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚያስቀምጠው ነው።

የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ይቀራል። በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስነሣው ፕሮግራም) ለማስነሣት መታገልን አልመክርም፤ ሒሳቡን የያዘው ዳታቤዝ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፣ መሐል ላይ ቢሰናከል ደግሞ የሚጠፋው የዓመት መዝገብ ነው። ሒሳብ ክፍሉ አንድ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ይያዝ፣ ከኢንተርኔት ይነቀል፣ ባክአፑም በየቀኑ ማታ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ።