ሁለት ቀን ተኩል ለፕራግ

የሐበሻ ሽርሽር ያለ ኮሚቴ አይሞከርም። ከፍራንክፈርት ወይም ከስቶክሆልም ተነስቶ ዓርብ ማታ ፕራግ ገብቶ እሁድ ለመመለስ እንኳ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ ሰብሳቢ ይመረጣል፣ ገንዘብ ያዥ ይሾማል። ከዚያ "እናንተ ካላችሁ እኔም አለሁ" የሚል መልስ ይጎርፋል። ይህን ሁሉም ስለሚል ማንም የለም ማለት ነው። የባቡሩና የአውሮፕላኑ ቲኬት ግን ስብሰባ አይጠብቅም፤ እየዋለ እያደረ ይወደዳል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ገንዘብ ያዡ "እስከ ሐሙስ ያልከፈለ ቀርቷል" ብሎ ይጻፍ። ሐሙስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁሉም ይከፍላል።

ቀጥሎ የወረቀት ጉዳይ አለ፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም። የጀርመን ወይም የስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ለፕራግ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ካርዱንና ፓስፖርቱን ግን አብሮ መያዝ አለበት። "ድንበር የለም እኮ" ብሎ ፓስፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ትቶ የሚመጣ ጀግና ከየግሩፑ አይጠፋም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2023 በቼክ ድንበር ላይ ቁጥጥር መልሳ ጀምራለች፤ ፖሊስ ባቡሩ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ዞር ብሎ ጀግናውን ያያል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ የሼንገን ቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል፣ ውሳኔውም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እሱን "በሚቀጥለው ቅዳሜ ና፣ አብረን እንሂድ" ማለት ግፍ ነው።

ሰብሳቢዋ የምታወጣው ፕሮግራም ላይ አሥራ አራት ቦታ ይሰፍራል። ካርታው ላይ ሁሉም ቅርብ ነው። ካርታው ግን የድንጋይ ንጣፉን አያሳይም፣ ዳገቱን አያሳይም፣ "አንዴ ቁሙ፣ ፎቶ" የምትለዋን አያሳይም። ስምንት ሰው በስምንት ስልክ ይነሳል፤ ከዚያ "እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ" ይመጣና እንደገና ከሀ ይጀመራል። ፕሮግራሙን ኮሚቴ ያወጣዋል፣ ዕዳውን እግር ይከፍለዋል። ስለዚህ ቀኑን በቭልታቫ ወንዝ ክፈሉት፦ ቅዳሜ ቤተ መንግሥቱ ካለበት ማዶ፣ እሁድ አሮጌው ከተማ።

ቅደም ተከተሉ ዝም ብሎ አልመጣም። አሮጌው ከተማ ያለው የአይሁድ ሙዚየም፣ አሮጌውን መካነ መቃብር ጨምሮ፣ ቅዳሜ ዝግ ነው። ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ያለው የቅዱስ ቪት ካቴድራል ደግሞ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ለጎብኚ የሚከፈተው ከቀትር በኋላ ነው። ይህን ያላጣራ ኮሚቴ ሁለቱንም ቀን የተዘጋ በር ፊት ቆሞ "ነገ እንመለስ" ይላል። ወደ ቤተ መንግሥቱ በእግር አትውጡ፤ 22 ቁጥር ትራም "ፕራዥስኪ ህራድ" ፌርማታ ታደርሳለች፤ አይታችሁ ስትጨርሱ በደረጃው ቁልቁል ወደ ማሎስትራንስካ ጣቢያ መውረድ ነው። ግቢው በነፃ ነው፣ ቲኬት የሚጠየቀው ለሕንፃዎቹ ነው። ካቴድራሉ እ.ኤ.አ. በ1344 ተጀምሮ በ1929 አለቀ። ኮንዶሚኒየሙ የዘገየበት ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ ይጽናና።

የትራም ቲኬት የወረቀት ከሆነ ቢጫው ማሽን ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። ያልመታ ይቀጣል፤ ለሦስት ቀን የሚያገለግለውን "ለማንኛውም" ብሎ ሁለቴ የመታም ያበላሸዋል። ተቆጣጣሪው ብዙ ጊዜ የደንብ ልብስ አይለብስም፤ ያ አጠገባችሁ ቆሞ በአማርኛችሁ የሚደነቅ የመሰላችሁ ሰውዬ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሰብሳቢዋ "በሁለት ሰዓት ሆቴሉ በር ላይ" ስትል ግማሹ በጠዋት፣ ግማሹ ከምሳ በኋላ ይመጣል። ለዚህ ጠብ ዳኛ የሚሆነው አሮጌው ከተማ አደባባይ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1410 ጀምሮ ያለው የሥነ ፈለክ ሰዓት ነው። ሕዝቡ የሚሰበሰበው ሐዋርያቱ በመስኮቶቹ ሲያልፉ ለማየት ነው፤ አጽሙ ደወል ይጎትታል፣ ዶሮው ይጮኻል፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። "ይኸው ነው?" የምትለዋን በየቋንቋው ትሰማላችሁ። ቁም ነገሩ ያለው ከመስኮቶቹ ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ ነው። ውጪኛው ቀለበት 24 ሰዓቱን ከፀሐይ መግቢያ ጀምሮ ይቆጥራል። ውስጥ ባሉት ጎባጣ የወርቅ መስመሮች መካከል ደግሞ ከ1 እስከ 12 ቁጥሮች አሉ፤ እነዚህ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ያለውን ቀን ለ12 ይከፍሉታል። የወርቋ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሞላ ማለት ነው። በመላው ፕራግ የሐበሻን ሰዓት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። በሰኔና በሐምሌ ቀኑ ሲረዝም እያንዳንዷ ሰዓት አብራ ትረዝማለች፤ ቀጠሮ የሚያረፍድ ሰው ከዚህ የተሻለ ጠበቃ አያገኝም። ኮሚቴው ግን በዚያች ደቂቃ ለሰዓቱ ጀርባውን ሰጥቶ ሰልፊ ላይ ነው።

የቻርለስ ድልድይ 516 ሜትር ነው፣ 30 ሐውልት አለው፣ ብዙዎቹ ቅጂ ናቸው። ከረፋዱ ጀምሮ የምታዩት የሰው ማጅራት ነው፤ ጎህ ሲቀድ ሂዱ። ተረከዘ ረጅም ጫማ በድንጋዮቹ መካከል ይሰነቀራል፤ ለፎቶ ያመጣችሁት ከሆነ በእጅ ያዙትና እዚያው ለውጡ።

አደባባዩ አጠገብ በእሳት የሚዞረው ሥጋ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ሰሌዳው ላይ ያለው ዋጋ ለ100 ግራም ነው፤ ግራሟ የተጻፈችው በትንሽ ፊደል ነው። ሻጩ ሳይጠይቅ ቆርጦ ሚዛን ላይ ሲጥለው የአራት ሰው ዋጋ ይሆናል። ከተከፈለ በኋላ ደግሞ የአሳማ መሆኑ ይታወቃል፤ ያኔ "እኔ እኮ አልበላሁም፣ ቀመስኩ" የሚል ይበዛል። ሦስት ቃል አጥኑ፦ ቬፕርዦቬ የአሳማ፣ ሆቪየዚ የበሬ፣ ኩርዤጺ የዶሮ። የበሬ ጉላሽም ቢሆን በአሳማ ስብ ሊሠራ ስለሚችል "ሳድሎ አለው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነው።

ገንዘቡ ኮሩና እንጂ ዩሮ አይደለም። ኤቲኤሙ "በዩሮ ላስላልህ?" ካለ እምቢ በሉ። መንገድ ዳር ያለ የምንዛሪ ቤት በመጥፎ ዋጋ ከመነዘረባችሁ፣ እስከ 1,000 ዩሮ የሚደርሰውን በ3 ሰዓት ውስጥ ደረሰኙን ይዞ ማስመለስ በሕግ ተፈቅዷል። ለመመለስ ስትነሱ የተረፈው ወረቀት ይመነዘራል፤ ሳንቲሙን ግን መንዛሪዎቹ አይነኩትም፣ ባለ 50ው ብቻውን ወደ 2 ዩሮ ይጠጋል። ኪስ ውስጥ የሚንጫጫውን ሁሉ ሰብስባችሁ ጣቢያው ውስጥ ውሃና ዳቦ ግዙበት። ገንዘብ ያዡ "ቆዩ፣ ለየሰዉ ላካፍል" ካለ ባቡሩ ያመልጣችኋል።