እርማት፦ «ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ኩረጃ የለበትም» ስለሚለው

ሐዋሳ ላይ ለኮምፕረሄንሲቭ (አጠቃላይ የብቃት) ፈተና ለምትዘጋጁ የዶክትሬት ተማሪዎች «ቤት የምትሠሩት መልስ ተርኒቲን (የጽሑፍ መመሳሰልን የሚፈትሽ ሶፍትዌር) ላይ ከ20 በመቶ በታች ካሳየ ችግር የለውም» የተባለው ስህተት ነው፤ ሰውም ያስጥላል። ይህ የተርኒቲን ቁጥር የሚያሳየው ጽሑፋችሁ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ብቻ ነው። በትምህርተ ጥቅስ የገባ ሐሳብና የዋቢ ዝርዝር ካልተቀነሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ጥፋት ግን አይደሉም። በ3,000 ቃል መልስ ውስጥ 4 በመቶ ማለት ደግሞ 120 ቃል ነው፤ ያ ሁሉ ከአንድ ምንጭ ምንጩ ሳይጠቀስ የተገለበጠ አንድ አንቀጽ ከሆነ ያስጠይቃል።

ስለዚህ ሪፖርቱን ከፍታችሁ ተመሳሳይ ተብሎ ቀለም የገባበትን መስመር ሁሉ አንድ በአንድ እዩ። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከማስታወሻ ነው፦ ስታነቡ ቃል በቃል የቀዳችሁትን ያኔውኑ በትምህርተ ጥቅስ ካልከለላችሁና ገጹን ካልጻፋችሁ፣ ከወር በኋላ የራሳችሁ ይመስላችኋል። ቃላቱን ብቻ እየቀያየሩ መጻፍም መፍትሔ አይደለም። ምንጩን ዘግታችሁ በራሳችሁ አገላለጽ ጻፉ፤ ከዚያ አመሳክሩ፤ ምንጩንም ጥቀሱ።

ረቂቁን አስቀድማችሁ የምታስፈትሹ ከሆነ በተርኒቲን ቋት (የገቡ ጽሑፎች ማከማቻ) ውስጥ እንዳይቀመጥ አስደርጉ፤ ከተቀመጠ የመጨረሻው መልስ ከራሳችሁ ረቂቅ ጋር ተመሳስሎ ቁጥሩ ሊያሻቅብ ይችላል።